ጾመኛው ጠመንጃ

አያቴ እማማ ጠጂቱ በዚያ ሰመር ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተኩሳ አንዴም አልሳተችም። ይህን የምለው ቆሜ ያየሁ ምስክር ስለነበርኩ ነው፤ ከእኔ ሌላ ምስክርም አልነበረም። አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሬክስዴል በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ የሚንጫጫበት ኪራይ ቤት ውስጥ ነበር፤ የተኩስ ሜዳችን ደግሞ ቤዝመንቱ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ማዶ።

ጠመንጃው የአባቴ ነው። አባቴ ዋለልኝ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል፤ አንድ የሥራ ባልደረባው አባብሎ አስገዛው። የአየር ጠመንጃ ነው፣ ባሩድ የለውም። ብዙዎቹ የአየር ጠመንጃዎች በውስጣቸው የብረት ሞላ አላቸው፤ የእኛው ግን በሞላው ፋንታ ጋዝ የታመቀበት ፒስተን ነበረው። አፈሙዙን ወደ ታች ሲሰብሩት ፒስተኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ምላጩ ሲሳብ ጋዙ ፒስተኑን ያስፈነጥረዋል፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ወገቧ የቀጠነችውን የእርሳስ ጥይት። ፈቃድ የማይጠየቅበት ደካማው ዓይነት ነበር። አባቴ በግ ከምንገዛበት እርሻ ወስዶ ሁለት ሦስት ቀን ተኮሰና ሰለቸው፤ ቤዝመንት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ጃኬቶቹ ኋላ አቆመው።

እማማ ብርድ ልብስ ስትፈልግ እጇ አረፈበት።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለችኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። እጇ ከሰደፉ ተነስቶ ምላጩን፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ አፈሙዙን ዳሰሰ። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። "ጠመንጃ! እዚህ ቤት ጠመንጃ ቆሞ ነው እኔ ካልሲ ሳጥፍ የምውለው?"

ደምበጫ አጠገብ ነው ያደገችው። ባሏ በሠላሳ ዓመቷ ሞቶባት አራት ልጆች፣ አንድ ምንሽርና ጫካ ጥግ ያለ የበቆሎ ማሳ ተወላት። "ሴት ጠመንጃ ትሸከማለች እንዴ?" ሲሏት "ከርከሮ በቆሎ ሲበላ ባለቤቱ ሴት ናት ወንድ ብሎ አይጠይቅም" ብላ ትመልስ ነበር አሉ። እኔ የማውቃት ግን ሰባ ዓመት ሞልቷት፣ በስፖንሰር መጥታ፣ እናትና አባቴ ሥራ ሲውሉ እኔን ስትጠብቅ ነው። እናቴ አንቱ ትላታለች። እኔ አንቺ ነበር የምላት፤ አንድ ቀን አንቱ ብላት "ምን በድዬሽ ነው?" ብላ አኮረፈችኝ።

ጠመንጃው ከመጣበት ካርቶን ውስጥ መመሪያ ወረቀት ወጣ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደ ዳኛ ታዳምጣለች።

"'አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር' ይላል።"

"ይኼማ ለሕፃንም የታወቀ ነው። ቀጥዪ።"

"'ጥይት ሳይገባበት ባዶውን አትተኩስ፤ ፒስተኑ ይጎዳል።'"

"እውነቱን ነው። በባዶ ማስፈራራት የፈሪ ሥራ ነው።"

"'ብሎኖቹን ቶሎ ቶሎ አጥብቅ።' 'አፈሙዙን አልፎ አልፎ በደረቅ ጨርቅ ወልውል።' 'የአየር መውጫው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አታስገባ።'"

እዚህ ላይ እጇን አነሳች። "ምን አልሽ?"

ደገምኩላት።

"ዘይት የማይወድ ጠመንጃ የት አገር አለ? ፈረንጅ ወረቀት ላይ የማይጽፈው የለም። የደረቀ ጠመንጃ የባለቤቱ ነውር ነው፣ ልጄ። ምንሽሬ ከእኔ ራስ በፊት እሱ ነበር የሚቀባው።"

ለጊዜው ግን ዘይት ስላልነበረን ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። የአባቴን የእንጨት ሳጥን በአሮጌ ጋዜጣና በስልክ ማውጫ ጠቀጠቅነው፤ ከፊቱ ጨርቅ የተጎሰጎሰበት የቲማቲም ቆርቆሮ አቆምን። ጨርቁ ድምፁን እንዲያፍን ነው። መስበሩ ጉልበት ስለሚጠይቅ የእሷ ሥራ ነበር፤ በጉልበቷ ደግፋ "እህ!" ብላ ትሰብረዋለች። ጥይቷን በሁለት ጣቷ ታገላብጥና ጠርዟ የተጣመመ ከሆነ ትጥላታለች። ቤዝመንቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ጥይቷ የገባችበትን ከሩቅ ማየት አይቻልም፤ ሄዶ ማየቱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

"የት አረፈች?" ትለኛለች።

መጀመሪያ ቀን እውነቱን ነገርኳት። ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ርቃ ጋዜጣው ውስጥ ነበር የተሰካችው። "ሳትሽ" አልኳት። ሰደፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያ ዝምታ አስፈራኝ። ሁለተኛዋ ጥይት ጋዜጣው ውስጥ ስትገባ "መታሽ!" አልኩ። ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲያ መሳት የሚባል ነገር ቀረ።

የምትፈትነኝ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ልጁን "የት አረፈች?" ሲል መልሱ አክብሮት እንጂ እውነት አይደለም ብዬ አስቤ ነበር፤ እናቴ የሰው ቤት የማልወደውን ምግብ "ይጣፍጣል" እንድል አስተምራኝ የለ። በዚያ ላይ የእማማ ጆሮ የደከመ መስሎኝ ነበር። ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ እንኳን "ማን ነው?" ትላለች። እናቴ ስታናግራት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ሁለት ጊዜ ዶክተር ዘንድ ሲወስዷት አይቻለሁ፤ "ምን አሉሽ?" ብላት "እርጅና አሉኝ" ብላ ተዘባበተች። ስለዚህ ጥይቷ ቆርቆሮ ትምታ ጋዜጣ፣ ድምፁን አትለየውም ብዬ ወሰንኩ። በዚህ ምን ያህል ተሳስቼ እንደነበር ለማወቅ ገና ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር።

ሌላም ብዙ ነገር እንደመሰለኝ ተረጎምኩት። ወደ ሰመር ካምፕ ስታደርሰኝ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ከንፈሯ እስክንደርስ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት የምትደግም መስሎኝ አላቋርጣትም ነበር። ምሳዬ ሁልጊዜ ሳንድዊች ነው፤ ሳንድዊች የምትወድ መሰለኝ። ቤዝመንት ስንወርድ መብራት አታበራም፤ መብራት የምትቆጥብ መሰለኝ። ጠመንጃውን ስትወለውል ዓይኗን ጣራው ላይ ሰቅላ ጣቶቿ ብቻ ይሠራሉ፤ ይኼስ ጉራ ነው ብዬ ኮራሁባት። እናቴ ፅጌረዳ ደግሞ በዚያ ዓመት ጨዋታ የማያውቅ ቁጡ ሰው ሆነች። "ወንበሩን ማን አንቀሳቀሰው? የጨው ዕቃው ቦታው እዚህ ነው፣ እዚህ! ስንቴ ልንገርሽ?" ወንበር አንድ ስንዝር ስለተንቀሳቀሰ የሚጮህ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

መተኮስ ያስተማረችኝ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። እኔ እንደ ሲኒማ ጨብጬ ትከሻዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ጥይቷ ጣራ ልትበሳ ምንም አልቀራት።

"አትጨብጪው!" አለችኝ። "ይኼ ሲተኮስ ይዘላል፤ ሲዘል ልቀቂው። ጫጩት ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

"የት አባቴ ጫጩት አግኝቼ?"

"እንግዲያው ጫጩት ነው ብለሽ ያዢው። ከታች መዳፍሽን ዘርጊ፣ ይተኛበት። አታንቂው፣ አትጣይው። አሁን ትንፋሽሽን አውጪና ምላጩን ሳቢ።"

በሐምሌ መጨረሻ ከአሥር ስድስቱን እመታ ነበር። ስጨርስ እርሳስ ሆድ ይበላል ብላ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታሳጥበኛለች። ከጠመንጃው ጋር የመጣችውን ትንሽ ቆልማማ የብሎን መፍቻ ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደ ሳንቲም ቋጥራ ነበር የምትይዛት፤ በየሃያ ጥይቱ ቋጠሮዋን ፈትታ ብሎኖቹን ታጠብቃለች። ከተማ ውስጥ መተኮስ በሕግ ክልክል መሆኑን እኔም እሷም አናውቅም ነበር። ብታውቀውም ኖሮ የምትተወው አይመስለኝም።

ዘይቱ የመጣው ከእናቴ የስፌት መኪና መሳቢያ ነው። እማማ አንድ ቀን ጠርሙሷን አገኘቻትና ይዛት ወረደች።

"ወረቀቱ አይሆንም ይላል እኮ" አልኳት።

"ወረቀቱ ጠመንጃ ወልውሎ ያውቃል?"

ወለወለችው፣ ቀባችው፣ ከዚያም የአየሩ መውጫ ቀዳዳ ላይ ጠርሙሷን ዘቀዘቀችው። ጠጣ፤ እሷም አጠጣችው። ሰበረች፣ ጥይት አጎረሰች፣ ተኮሰች። በሌላ ቀን ድምፁ በር በኃይል እንደመዝጋት ነበር፤ ያን ቀን ግን "ጧ!" ብሎ ቤቱን አናወጠው። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ፣ ግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ደበደበች። እኔ ጠመንጃው በድንገት እውነተኛ የሆነ መሰለኝ። የሆነው ግን ቀላል ነው፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ዘይት ካገኘ ያቀጣጥለዋል።

እማማ ሰደፉን እንደያዘች ሳቀች። "ወረቀቱ እውነቱን ኖሯል። ይኼ ጾመኛ ነው፣ ልጄ። ጾመኛን በግድ ቅባት አበላሁት፣ ተቆጣ።"

አባቴ ግን ማታ ከሥራ ሲገባ አልሳቀም። ጎረቤቷ በር ላይ ጠብቃ ነግራው ነበር። "እማዬ፣ ፖሊስ ኮል ቢያደርጉስ? ጠመንጃ ተተኮሰ ቢሉስ? እዚህ አገር እኮ በዚህ ነገር አይቀለድም!" ጮኸ። ቤዝመንቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ወለሉን አየ፤ ድምፁ በአንዴ ወረደ። ጠመንጃውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። በማግሥቱ እማማ ወንበር ላይ አቁማኝ አስወረደችው።

"አባዬ አትተኩሺ ብሏል።"

"አትተኩሺ አለ እንጂ አትወልውዪ አላለም።"

በዓሣ ማጥመጃ ክር ደረቅ ጨርቅ አስረን ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ በአፈሙዙ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ጎተትነው። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ እማማ ቤት ነበረች፤ እሷ ኦርቶዶክስ ስለሆነች ከእኛ ጋር አትሄድም። ከመኪናው ኋላ ወንበር ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አድርጌ ተኝቻለሁ፤ ሄድፎኑ ግን ምንም አይዘፍንም።

"ወለሉን አየኸው?" አለች እናቴ። "ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ፈስሷል።"

"አይቻለሁ።"

"ሺፍት ላይ ሆኜ ልቤ ቤት ነው። ልጅቷ ከእሳቸው ጋር ብቻዋን…"

"እማዬ አበራሽ ጋ ትሂድ። ካልጋሪ ቤቷ ሰው አይጠፋም። ለሌበር ደይ ትመጣ የለ? አብረው ይብረሩ።"

"ማን ይነግራቸዋል?"

አባቴ ፍሬቻ አሳይቶ ታጠፈ።

አበራሽ የአባቴ እህት ናት። እኔ ከዚያ ወሬ የያዝኩት ይኼን ነበር፤ እማማ ስለተኮሰች ልትባረር ነው። አባቴ ደግሞ ሲኮራ ቁጣውን የሚረሳ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ መስኮት ሰብሬ በዚያው ሳምንት ጥሩ ሪፖርት ካርድ ሳመጣ አይቼዋለሁ። ስለዚህ እማማ ምን ያህል አነጣጣሪ እንደሆነች በዓይኑ ቢያይ አይሰዳትም። ይኼን ሳስብ ልቤ ዘለለ። ሁለት መቶ ጊዜ መትታ የለ? "መታሽ" ያልኩት ምስክር ራሴ መሆኔን ረሳሁት።

ሌበር ደይ በሚሉት የሠራተኞች በዓል ቅዳሜ ለእንቁጣጣሽ በግ ልንመርጥ እርሻው ሄድን። ከኦሬንጅቪል ከተማ አለፍ ብሎ ነው፤ ባለቤቱ ሚስተር ማኑኤል የሚባል ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ነበር፣ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አክስቴ አበራሽ ነጭ ጫማ አድርጋ ጭቃ እየዘለለች ፎቶ ታነሳለች። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ነበር። ሚስተር ማኑኤል የጭድ ክምር ፊት ግንድ ላይ ባዶ ቆርቆሮ አቆመለት፤ አባቴ ሃያ ጊዜ ተኩሶ አንዴ መታ። "ነፋሱ ነው" አለ። ጭዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ አክስቴ ከመኪናው ትልቅ ፌስታል አምጥታ እማማ ጭን ላይ አስቀመጠች። ወፍራም የክረምት ካፖርት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እማማ አንገትጌውን ዳሰሰችው። "ይኼ ለምንድን ነው?"

"ካልጋሪ ይበርዳል፣ እማዬ" አለች አክስቴ።

ማንም አልነገራትም ነበር። አክስቴ አባቴን አየች፣ አባቴ ሣሩን አየ፣ እናቴ የያዘችውን ሹካ አስቀመጠች። እማማ ካፖርቱን እጅጌ በእጅጌ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

እኔ ፈነዳሁ። "አባዬ፣ አላየሃትም እንጂ እማማ አንዴም አትስትም! እዚህ ከመታች ካልጋሪ አትሄድም፣ እሺ በል! እሺ በል!"

"ሐሴት፣ ዝም በይ" አለ አባቴ።

"አምጣው" አለች እማማ።

"እማዬ፣ ተይ እባክሽ…"

"ጠመንጃ አምጣ አልኩህ እንጂ የአባትህን ርስት ልውሰድ አላልኩህም!"

ሚስተር ማኑኤል አማርኛ አይሰማም፤ ግን እናት ስትቆጣ በየትኛውም ቋንቋ ያውቃታል መሰለኝ፣ ጠመንጃውን እሱ ራሱ አቀበላት። እጇን ይዤ ወሰድኳት። ሰበረች፣ ጥይቷን በጣቷ አገላብጣ አጎረሰች፣ ዘጋች።

"ወዴት ነው?" አለችኝ በቀስታ።

"ፊት ለፊት። ትንሽ ወደ ግራ።"

ተኮሰች። ጭዱ አቧራ ተፋ። ቆርቆሮው እንደቆመ ነው።

"መታች!" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ቀይ ቆርቆሮ ግንድ ላይ ቆሞ፣ እኔ ሁለት እጄን አንስቼ እዘላለሁ። እንደገና "መታች!" አልኩ፤ ድምፄ ግን ተሰበረ።

"ምኑን ነው የመታችው?" አለ አባቴ። "ያውና ቆሞ! ለምንድን ነው የምትዋሺው?"

"ካልመታች ትወስዷታላችሁ!"

"ተዋት፣ ዋለልኝ" አለች እማማ። "ሰመሩን ሙሉ ስትዋሽልኝ ነው የከረመች። ቆርቆሮ ሲመታ አንድ ድምፅ አለው፣ ጋዜጣ ሲመታ ሌላ ነው። ከሁለት መቶ ምናምኑ የመታሁት አሥራ አንዱን ነው። ቆጥሬያለሁ።"

እንባዬ መጣ። "ጆሮሽ የማይሰማ መስሎኝ ነበር።"

"ጆሮዬ? ጆሮዬማ የጎረቤት ፍሪጅ ሲከፈት ይሰማል። የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ልጄ። የሚያባርሩኝም ለዚህ ነው እንጂ ለጠመንጃው አይደለም።"

ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞርም እንደማታየኝ፣ መሬት ላይ ያለውን ጥላዬን እንኳን እንደማታይ። ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን በደበቁኝ በሌሎቹ ሁሉ።

እማማ ወደ አባቴ ድምፅ ዞረች። "ካልጋሪ ልላክሽ ካልክ ፊቴ ቆመህ በለኝ። በካፖርት አትንገረኝ።"

"እማዬ፣ ዓይንሽ ጠፍቶ ልጅ እንዴት ትጠብቂያለሽ? እሳት ቢነሳስ?"

"ከመጋቢት ጀምሮ ምድጃ ነክቼ አላውቅም። ሳንድዊች ነው የማበላት። ከበራችን እስከ ካምፑ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ መብራቱ ጋ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ እሷ ደግሞ አረንጓዴ ነው ትለኛለች። ቤዝመንቱ አሥራ ሦስት ደረጃ ነው። አንድ ቀን ወድቄ ታውቃለሁ? እሷን ጥያት ታውቃለሁ? ዘይቱን ደፋሁ፣ አዎ ደፋሁ! ዓይን እያላችሁ ስንት ነገር ትደፋላችሁ!"

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።

"ይልቅ ይኼ ጠመንጃ ታሟል" አለች፤ የእሱ ጉዳይ ያለቀ ይመስል። "ስተኩስ ሰደፉ ውስጥ ተንቀጫቀጨብኝ።" አውራ ጣቷ በሰደፉ ሆድ ላይ ቀስ እያለ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ። "ይኸውልህ። ብሎኑ ላልቷል። ጠዋት ሙሉ ነፋሱን ስታማ የዋልክ፣ አንተ ባለ አራት ዓይን፣ ይኼን አየኸው?"

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ትንሿ መፍቻ እዚያው ነበረች። ማንም ሳይረዳት ብሎኑን በሁለተኛ ሙከራዋ አገኘችው፣ አጠበቀችው፣ ሌሎቹንም ዳሰሰች። ሰበረች፣ አጎረሰች፣ ዘግታ ለእኔ ዘረጋችው።

"እንኪ። በእንባ አታነጣጥሪም፣ ጥረጊው።"

ጠረግሁ። መዳፌን ዘርግቼ አስተኛሁት። ጫጩት ነው አልኩ በልቤ። ትንፋሼን አወጣሁና ሳብኩ። ቆርቆሮው ጮኾ ተገለበጠ፣ ድንጋይ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ሚስተር ማኑኤል አጨበጨበ።

"ማን አስተማራት?" አለች እማማ።

እናቴ ተነስታ መጣችና ትከሻዋን ያዘች፣ "ይቀመጡ፣ እማማ። ምሳዎ ሳያልቅ" አለቻት፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከዓመታት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሆነን የጨው ዕቃውን ከቦታው ሳነሳ "መልሺው" አለችኝ፤ ያን ጊዜ ነው የእማማን ዓይን መድከም ከዶክተሩ አንድ ዓመት ቀድማ ማወቋን፣ ወንበሩንም ጨውንም ቦታ ቦታ እያስያዘች ዝም ብላ ስትደብቅላት መክረሟን የነገረችኝ። በመኪናው ውስጥ ያወራችው ግን የልቧን ፍርሃት ነበር፤ በዚያ አልፈርድባትም።

እማማ ስትቀመጥ እጇ ካፖርቱን አገኘው። አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

"ካፖርቱን ግን እወስደዋለሁ" አለች። "ሬክስዴልም ይበርዳል።"

አክስቴ አበራሽ ማክሰኞ ዕለት ብቻዋን በረረች። እናቴ ሺፍቷን ቀየረች፤ አባቴ ደረጃው ጫፍ ላይ ሲዳሰስ የሚታወቅ ወፍራም ቴፕ ለጠፈ፣ ለጥፎም ለማንም አልተናገረም። እማማ ግን በእግሯ አግኝታው "ይኼ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?" ብላ ስትልጠው ውላለች።

አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ቤቱ ያው ነው፣ ካፖርቱም በሩ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሌላ ሰፈር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ጠመንጃው እኔ ዘንድ ነው። በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ ብሎኖቹን እዳስሳለሁ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ዘይት ውስጡ ገብቶ አያውቅም፤ አሥራ አራት ዓመት ጾሞ ጋዙ ዛሬም ይገፋል።

ባለፈው ቅዳሜ እርሻው ወሰድኳት። አሁን የሚያስተዳድረው የሚስተር ማኑኤል ልጅ ነው። ቆርቆሮ አቆምኩ። እኔ ሰበርኩላት፣ ክንዷ እንደ ድሮው አይደለም። ጥይቷን ግን በጣቷ ራሷ መርምራ አጎረሰች።

"ወዴት ነው?"

"ፊት ለፊት። ትንሽ ወደ ቀኝ።"

ተኮሰች። ጭዱ አቧራ ተፋ፣ ቆርቆሮው አልተንቀሳቀሰም። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ጠበቀች።

"ሳትሽ" አልኳት።

"ጎበዝ" አለችኝ። "ሌላ ጥይት አምጪ።"